አርባ ዘጠኝ ነጥቦች

አዳማ ነን፤ ደንን በሳተላይት ምስል ስለመለካት የምሰጠው ስልጠና ሦስተኛ ቀን፣ ከምሳ በኋላ። መጋረጃው ተዘግቶ ፕሮጀክተሩ ግድግዳው ላይ አንድ የሳተላይት ምስል አሳርፏል። ምስሉ መሀል 70 ሜትር በ70 ሜትር የሆነ ካሬ ተሰምሯል፤ ግማሽ ሄክታር ያህል መሬት ማለት ነው። ካሬው ውስጥ ሰባት በሰባት ሆነው የተደረደሩ 49 ትናንሽ ነጥቦች አሉ። ሰልጣኙ እያንዳንዱን ነጥብ አይቶ ዛፍ ላይ አርፏል ወይስ አላረፈም ብሎ ይቆጥራል። አንድ ነጥብ ሁለት በመቶ ያህል ይይዛል። በአገራችን ትርጓሜ አንድ መሬት ደን ለመባል ከስፋቱ 20 በመቶው በዛፍ አናት መሸፈን ስላለበት ከ49ኙ ቢያንስ 10 ነጥቦች ዛፍ ላይ ማረፍ ይኖርባቸዋል።

ከፊት የተቀመጠችው ወጣት ባለሙያ 9 ቆጠረች። አጠገቧ ያለው ልጅ 11።

"በእኔ ቆጠራ ደን አይደለም፤ በእሱ ቆጠራ ደን ነው። ታዲያ የቱን ልሙላ?" አለችኝ።

ሦስተኛ ሰው ይቁጠረው ልል አፌን ስከፍት ከኋላ ወንበር ድምፅ መጣ። ከምዕራብ ቆላ አካባቢ የመጡ፣ ሁላችንም "ጋሼ" የምንላቸው የደን ባለሙያ ናቸው። ሁለት ቀን ሙሉ ኮምፒውተሩን እንደ ባዕድ ዕቃ ሲሸሹት አይቼ በሆዴ "ለምን እኚህን ሰው ላኳቸው?" ብዬ ነበር።

"ምስሉ መቼ የተነሳ ነው?" አሉ።

ከታች ጥግ ላይ ቀኑን ፈለግነው። የካቲት ነው።

"የካቲት ላይ እዚያ አገር ቅጠል የያዘ ዛፍ የት ታገኛላችሁ? እሳትም አልፎበታል። ያ ጥቁር ጥቁሩ የተቃጠለ ሣር ነው። እነዚህን ቀጫጭን ጥላዎች ግን እዩአቸው፤ ሁሉም ዛፍ ነው፤ ቅጠሉን ጥሎ ነው እንጂ። ነሐሴ ላይ ግባበት ልጄ፣ ቀና ብለህ ሰማዩን ታጣዋለህ።"

የዚያኑ ቦታ የጥቅምት ምስል ፈልገን ከፈትን። ሁለቱም እንደገና ቆጠሩ። እሷ 21፣ እሱ 22።

ያን ቀን ማታ ሆቴል ክፍሌ ውስጥ ተኝቼ ያሰብኩት ስለ ጋሼ ነው። የቆላው የእንጨት ደን፣ እነ ወይባና የዕጣን ዛፍ የሚበቅሉበት፣ በበጋ ቅጠሉን አራግፎ የሞተ መምሰሉን እኔም በመጽሐፍ አውቀዋለሁ፤ ለፈተናም ጽፌዋለሁ። ምስሉን ሳይ ግን ትዝ አላለኝም። ለእሳቸው ትዝ ያላቸው በእግራቸው ስለሄዱበት ነው። ለዓመታት የሰጠሁት ስልጠና እንዲህ ያለውን ሰው ከኋላ ወንበር አስቀምጦ ሶፍትዌሩን ቶሎ የለመደውን ልጅ የሚያጨበጭብለት ነበር። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በዚህ ምክንያት ነው።

አንዱ ካሬ ብቻውን ብዙም አይደለም። ግን እንዲህ ያሉ ካሬዎች ተደምረው ነው ኢትዮጵያ ይህን ያህል ሚሊዮን ሄክታር ደን አላት፣ በዓመት ይህን ያህል ታጣለች የሚለው ቁጥር የሚወጣው። ቁጥሩ ከዚያ ጉዞውን ይጀምራል። አንዱ መድረሻ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት፣ ፋኦ፣ እ.ኤ.አ. ከ1948 ጀምሮ የሚያካሂደው የዓለም የደን ሀብት ግምገማ ነው። አሁን በየአምስት ዓመቱ ይወጣል፤ እያንዳንዱ አገርም ለዚህ ሥራ የተወከለ ባለሙያ አለው። ሌላው መድረሻ የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ለውጥ ስምምነት ጽሕፈት ቤት ነው፤ ደን በመመንጠሩ ወደ አየር የሚወጣው ካርቦን እዚያ ይመዘገባል። በፓሪሱ ስምምነት መሠረት አገሮች በየሁለት ዓመቱ የግልጽነት ሪፖርት ማቅረብ ጀምረዋል፤ ለመጀመሪያው የተቆረጠው ቀን እ.ኤ.አ. የ2024 የመጨረሻዋ ዕለት ነበር።

ብዙ ባልደረቦቼ ይህን ሁሉ "የፈረንጅ ወረቀት" ይሉታል። አበል ያለበት ስልጠና፣ የሚሞላ ቅጽ፣ የሚላክ ኢሜይል፣ ከዚያ እስከ ቀጣዩ ዙር የሚረሳ ነገር። አልፈርድባቸውም፤ እኔም እንደዚያ ነበርኩ። ያነቃኝ አንድ ሠንጠረዥ ነው።

ሥራ በጀመርኩ ሰሞን የቆየ የደን ስፋት ሠንጠረዥ እንዳድስ ተሰጠኝ። በዓለም ግምገማው የ2010 እትም ላይ የወጣው የኢትዮጵያ ቁጥር ነበር። ቁጥሮቹን እስካሁን በቃሌ እላቸዋለሁ፤ እ.ኤ.አ. በ1990 15 ሚሊዮን 114 ሺህ ሄክታር፣ በ2000 13 ሚሊዮን 705 ሺህ፣ በ2005 13 ሚሊዮን፣ በ2010 12 ሚሊዮን 296 ሺህ። ካልኩሌተር አውጥቼ ቀነስኩ። ከ2000 እስከ 2005 የጠፋው 705 ሺህ ነው። ከ2005 እስከ 2010 የጠፋው 704 ሺህ። ከ1990 እስከ 2000 ያለውን ለሁለት ስከፍለው ያው 705 ሺህ ግድም። ሃያ ዓመት ሙሉ ደኑ በየዓመቱ 141 ሺህ ሄክታር እየተቆረሰ ሄዷል፤ አንድም ዓመት አልበዛ፣ አንድም ዓመት አልቀነሰ።

ደን እንዲህ አይጠፋም። በ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ ሰሞን በስንት ቀበሌ የማኅበረሰብ ደን በሳምንታት ውስጥ እንደተጨፈጨፈ የዚያን ጊዜ ሰው ሁሉ ይናገራል። ሠንጠረዡ ግን 1983ን ከሌላው ዓመት አይለየውም። የማየው የደኑን ታሪክ ሳይሆን በማስመሪያ የተሰመረ መስመር ነበር።

መስመሩን ያሰመረው ሰው ጥፋት የለበትም። በጊዜው አገር አቀፍ የሚባለው መረጃ እ.ኤ.አ. በ2004 የተጠቃለለው የእንጨት ነክ ዕፅዋት ጥናት ነበር። ከአንድ ጥናት ተነስቶ በአንድ የምንጠራ ምጣኔ ወደ ኋላም ወደ ፊትም መዘርጋት መመሪያው የሚፈቅደው ነገር ነው። የእኔ ችግር ሌላ ነበር። እጄ ላይ የደረሰው የኤክሴል ፋይል ይህን አይነግረኝም። ሴሉ ውስጥ ቁጥሩ ተቀምጧል፤ ስነካው ከጀርባው ቀመር የለም፣ ምንጭ የለም፣ ማስታወሻ የለም። ሠንጠረዡን የሠራው ሰው ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ተዛውሯል። ደወልኩለት፤ በትሕትና አናገረኝ፣ ግን "የድሮው ላፕቶፕ ላይ ነበር" ከማለት በቀር የሚያስታውሰው አልነበረም። ቁጥሩን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው እየፈታሁ ምንጩ ላይ ለመድረስ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። አንድ አንቀጽ ማስታወሻ ቢኖር የግማሽ ቀን ሥራ ነበር።

ምንጩ የጠፋ ቁጥር ምን እንደሚያደርግ ደግሞ አገራችን ከማንም በላይ ታውቃለች። "በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የኢትዮጵያ 40 በመቶ በደን ተሸፍኖ ነበር፤ ዛሬ ከ3 በመቶ በታች ደርሷል" የሚለውን ያልተማረ ማን አለ? እኔ ተማሪ ቤት ተምሬዋለሁ፤ ልጄም ተምራዋለች። የታሪክ ሰዎች 40ው ከየት እንደመጣ ሲያስሱ የሚያሳምን ልኬት አላገኙም፤ በጊዜው የለካ አልነበረምና። ቁጥሩ ግን ከሪፖርት ወደ ሪፖርት፣ ከሪፖርት ወደ መማሪያ መጽሐፍ፣ ከመጽሐፍ ወደ ንግግር እየተቀባበለ ሄደ። በእሱ ላይ ፖሊሲ ተነደፈ። ገበሬው አገሩን የላጨ ተብሎ በእሱ ተወቀሰ። ይህ ዛሬም ያንገበግበኛል፤ ሳይለካ በተነገረ ቁጥር አንድ ሕዝብ ሲፈረድበት ኖሯል።

ከዚያ እ.ኤ.አ. 2015 መጣ። ኢትዮጵያ የደን ትርጓሜዋን ለወጠች፤ ቢያንስ ግማሽ ሄክታር ስፋት፣ 2 ሜትር ቁመት፣ 20 በመቶ የዛፍ አናት ሽፋን፤ ቀርከሃውና ሽመሉም ተካተቱ። የፋኦ ትርጓሜ ስፋቱ ያው ግማሽ ሄክታር ሆኖ ቁመቱ 5 ሜትር፣ ሽፋኑ 10 በመቶ ነው። ቁመቱ ዝቅ ያለው ቆላማው የእንጨት ደን፣ ጋሼ የተከራከሩለት ዓይነቱ፣ አጭር ነው ተብሎ ከመዝገብ እንዳይወጣ ነው። ሽፋኑ ከፍ ያለው ደግሞ ክፉኛ የተጎዳው መሬት ደን ተብሎ እንዳያልፍ ነው። ሁለቱም ውሳኔዎች ለእኔ ምክንያታዊ ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ2016 አገሪቱ ለአየር ንብረት ስምምነቱ ያቀረበችው የደን መነሻ ሰነድ፣ የወደፊቱ ለውጥ የሚነጻጸርበት፣ 15.5 በመቶ የደን ሽፋን ይዞ ወጣ። ሬዲዮ ላይ፣ አዳራሽ ውስጥ፣ ሰው "ከ3 ወደ 15 ተኩል ደረስን!" እያለ ሲደሰት ሰማሁ። እውነቱ ግን ትርጓሜው ተለወጠ፣ ምስሉ ተሻለ፣ የአለካኩም ስልት ተለወጠ እንጂ ያን ያህል ደን በአሥርና በሃያ ዓመት አልበቀለም። እንዲያውም ያው ሰነድ እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2013 በየዓመቱ 92 ሺህ ሄክታር ያህል ደን ተመንጥሮ 19 ሺህ ያህል ብቻ መተካቱን ያሳያል። አድጓል በተባለበት ወረቀት ላይ መቀነሱ ተጽፏል። የሚያነበው ጠፋ። እኛም ባለሙያዎቹ ወጥተን ጮክ ብለን አላስረዳንም።

ዛሬ ስልጠና ስሰጥ በመጀመሪያው ቀን ሰሌዳው ላይ የምጽፈው 92 ሲቀነስ 19 ነው። 73። ከዚያ የ2020ውን የዓለም ግምገማ እከፍትና የኢትዮጵያን ረድፍ አሳያቸዋለሁ፤ በ2010 17.8 ሚሊዮን፣ በ2020 17.07 ሚሊዮን። "ቀንሱ" እላቸዋለሁ። 730 ሺህ። በዓመት 73 ሺህ። ይኼኔ አዳራሹ ውስጥ የሚሰማው ጉምጉምታ ደስ ይለኛል። መስመሩ አሁንም ቀጥ ያለ ነው፤ የምንጠራውን ትክክለኛ ገጽታ አሁንም ከዓመት ዓመት አያሳይም። ግን እናትና አባቱ ይታወቃሉ። ከየትኛው ምስል፣ ከየትኛው ዘመን፣ በየትኛው ትርጓሜ እንደመጣ መከተል ይቻላል። አልስማማም የሚል ሰው የት ላይ እንደማይስማማ ጣቱን ማሳረፍ ይችላል። በቅርብ ዓመታት 17.2 በመቶ፣ ቀጥሎም 23.6 በመቶ የሚሉ ቁጥሮች በይፋ ሲነገሩ ሰልጣኞቼ ከደስታውም ከጥርጣሬውም በፊት "በየትኛው ትርጓሜ? በየትኛው ምስል?" ብለው እንዲጠይቁ እፈልጋለሁ። በአንድ ቀን 350 ሚሊዮን ችግኝ ተከልን ሲባልም እንዲሁ፤ ችግኝ በቁጥር ነው፣ ሠንጠረዡ የሚጠይቀው በሄክታር ነው፤ በመካከላቸው ያለው ስሌት መጻፍ አለበት።

ዓለም አቀፍ ደረጃ የሚባለው ነገር ሲፈታ ይኸው ነው። አገሮች ልቀታቸውን የሚያሰሉበት የዓለም አቀፉ የአየር ንብረት ሳይንቲስቶች ቡድን፣ የአይፒሲሲ፣ መመሪያ አምስት ነገር ይጠይቃል፤ ግልጽነት፣ ትክክለኛነት፣ ምሉዕነት፣ ወጥነት፣ ተነጻጻሪነት። ለሰልጣኞች ስናነብላቸው ሁሉም ይጽፉታል፣ ለፈተናም ይሸመድዱታል። የሚገባቸው ግን እጃቸው የሚሠራው ስህተት ውስጥ ሲያዩት ነው። ስለዚህ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የማስተምረው በስህተት ነው፤ በራሴና አብረውኝ በሠሩ ሰዎች ስህተት።

አንዱን ልንገራችሁ። የሰው ሠራሽ ደን ቁጥር ከወረዳ እየሰበሰብን ነበር። አንድ ፋይል ውስጥ "2005" በሚል ዓምድ ሥር ብዙ ሄክታር ተሞልቷል። ሠንጠረዡ በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ እንዳለ ገለበጥነው። የዓመታቱን ግራፍ ስናወጣ በ2005 ላይ ደኑ ድንገት ዘለለ። ሁለት ሳምንት ምክንያት ስንፈልግለት ቆየን፤ "የዚያን ጊዜ ዘመቻ ነበር" ብለን ማብራሪያ እስከ መጻፍ ደርሰን ነበር። በኋላ ወረዳ ስንደውል "በእኛው 2005 ነው እንጂ" አሉን። ስምንት ዓመት ገደማ ወደ ኋላ ተክለነው ነበር። ማንም የውጭ አማካሪ ይህን አያገኘውም። መመሪያው ውስጥም የለም። አሁን በምናዘጋጀው ቅጽ ላይ ከዓመተ ምሕረት ጎን "በየትኛው አቆጣጠር?" የሚል ሣጥን አለ፤ የበጀት ዓመት ከሆነም ሐምሌ ላይ እንደሚጀምር ይጻፋል።

ሌላው የዛፍ ስም ነው። በአገር አቀፉ የደን ቆጠራ አንድ የናሙና ጣቢያ 1 ኪሎ ሜትር በ1 ኪሎ ሜትር ነው፤ ውስጡ 250 ሜትር ርዝመት፣ 20 ሜትር ስፋት ያላቸው አራት መለኪያ ቦታዎች አሉ። ቡድኑ በየቦታው ገብቶ የዛፉን ውፍረት በደረት ከፍታ፣ 1.30 ሜትር ላይ፣ ይለካል፤ ቁመቱንና ስሙንም ይጽፋል። ስሙ ለምን ያስፈልጋል? የካርቦኑ ስሌት የእንጨቱን ጥግግት ስለሚጠይቅ ነው፤ ጥግግቱ ደግሞ በዝርያው ይለያያል። በልምምድ ላይ አንድ አስጎብኚ አዛውንት አንድን ትልቅ ዛፍ "ቢርቢርሳ" አሉን። መዝጋቢው "ቢርቢራ" ብሎ ጻፈ። ቢርቢርሳ በኦሮምኛ ዝግባ ነው፤ ቢርቢራ ሌላ፣ እንደ ባቄላ ዘሩን በቆባ የሚይዝ ዛፍ ነው። የአንዲት ፊደል ልዩነት ዝግባውን ቢርቢራ አድርጎ ወደ ስሌቱ አስገባው። ያገኘችው ኦሮምኛ ተናጋሪዋ ሰልጣኝ ናት፤ ኮምፒውተር ላይ ዳታ ስታጠራ "ይሄ ውፍረት ላለው ቢርቢራ እኔ አላውቅም" ብላ ጠየቀች። ከዚያ በኋላ ቡድኖቻችን ዛፉን የሚጠራውን ሰው ቋንቋም ጎን ለጎን ይመዘግባሉ።

እዚህ ላይ ስለ ቃል ትንሽ ልበል። መመሪያው የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ ስልጠናውም ግማሹ በእንግሊዝኛ ይሄዳል። ግን ሰልጣኙ ገበሬውን ሲጠይቅ "ደን" ብሎ ነው የሚጠይቀው። በብዙ ቦታ "ደን" ሲባል ገበሬው የሚረዳው የሚጠበቀውን፣ ብዙ ጊዜ የተተከለውንና የመንግሥት የሚባለውን ነው። ራሱ የበቀለው "ጫካ" ነው፣ ወይም "ዱር"። ከጓሮው ያለው "ባሕር ዛፍ" ነው፤ ደን አይለውም። ስለዚህ "ደን አለ ወይ?" ብትለው "የለም" ይልሃል፣ ጀርባው ላይ ግማሽ ሄክታር ዛፍ ቆሞ። እኔ አሁን ሰልጣኞችን ሁለት ሰዓት ሙሉ በየቋንቋቸው ያሉትን ቃላት ሰሌዳ ላይ አስጽፌ ከትርጓሜው ጋር እንዲያጋጥሙ አደርጋለሁ። አንዳንድ አዘጋጅ ጊዜ ማባከን ነው ይለኛል። ለእኔ የስልጠናው ልብ እሱ ነው። አንድ ከጎጃም የመጣ ልጅ የደብሩን ደን አንስቶ "ግማሽ ሄክታር አይሞላም፤ ዝግባውና ወይራው ግን ከአያቴ ዕድሜ በላይ ነው፤ የት ልጻፈው?" ያለኝ በእንደዚያ ያለ ሰዓት ነው። ሠንጠረዡ ውስጥ ቦታ የለውም። በአስተያየት ዓምድ ላይ ጻፈው።

የምጨነቅበት ሌላም ምክንያት አለ። ቁጥሩ ገንዘብ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2023 ከዓለም ባንክ ጋር በተፈረመው የኦሮሚያ ደን ስምምነት ለ4 ሚሊዮን ቶን የካርቦን ዳይኦክሳይድ ልቀት ቅነሳ እስከ 40 ሚሊዮን ዶላር ይከፈላል ተብሏል። በእንዲህ ያለ አሠራር የቁጥሩ እርግጠኛነት ባነሰ መጠን ለጥንቃቄ ተብሎ ከሚከፈልበት ቅነሳ ላይ የሚያዘው ድርሻ ይበዛል። ከፊት የተቀመጠችው ልጅ የምትቆጥራቸው ነጥቦች ጫፍ ላይ ደኑን ሲጠብቁ የሚያድሩ የባሌና የጂማ ሰዎች አሉ። በተዝረከረከ መዝገብ ምክንያት ድርሻቸው ቢጎድል እነሱ አዳራሹ ውስጥ ሆነው አይከራከሩም።

አሁን ደግሞ ስለ ሰዎቹ። ባለሙያ እናሠለጥናለን፤ ሦስት ዓመት ሳይሞላው ይሄዳል። የተሻለ ደሞዝ ያገኛል፣ ለትምህርት ይወጣል፣ ወይም መዋቅር ይለወጣል። የደን ዘርፍ በጥቂት ዓመታት ከእርሻ ወደ አካባቢ ጥበቃ፣ ከሚኒስቴር ወደ ኮሚሽን፣ እንደገና ተመልሶ ወደ እርሻው ጥላ ሥር ሲዘዋወር አይተናል። በእያንዳንዱ ዝውውር ሰውም ፋይልም ይንቀሳቀሳል። ቀድሞ መድኃኒቱ የውጭ አማካሪ ነበር። ይመጣል፣ በሁለት ወር የተዋበ ሥራ ይሠራል፣ ይመለሳል፤ በሚቀጥለው ዙር ጥያቄ ሲመጣ የሚመልስ የለም። ከስምምነቱ ጽሕፈት ቤት የሚላኩት ገምጋሚዎች የደን ሰነድ ሲመረምሩ "ይህን ቁጥር እንዴት አገኛችሁት?" ብለው ይጠይቃሉ። ሂደቱ ራሱ መልካም ነው፤ ጥያቄው ትምህርት ነው። ግን መልሱን የሚያውቀው ሰው ሌላ አህጉር ላይ ከሆነ የአገሪቱ ባለሙያ በራሱ ደን ላይ እንደ እንግዳ ይቆማል። እንደዚያ ቆሜ አውቃለሁ፤ ዳግመኛ መቆም አልፈልግም።

ስለዚህ ከስልጠናው የመጨረሻ ቀን የቡድን ፎቶና የምስክር ወረቀት ሥነ ሥርዓቱን አሳጥሬ አንድ ፈተና አስገባሁ። እያንዳንዱ ቡድን የሠራውን ሠንጠረዥ ከነማስታወሻው ለሌላ ቡድን ይሰጣል። ተቀባዩ ሠሪውን ሳያናግር፣ በማስታወሻው ብቻ፣ ያንኑ ቁጥር እንደገና ማግኘት አለበት። መጀመሪያ የሞከርነው ቀን ከአምስት ቡድን የተሳካለት አንድ ነው። ሌሎቹ ተናደዱ፤ "ጽፈነዋል እኮ!" አሉ። ከዚያ አንዱ ቡድን የመሬቱን ጠቅላላ ስፋት ከየት እንደወሰደ አለመጻፉን አየ፤ ሌላው የትኛውን ዓመት ከየትኛው እንደዘረጋ። የተሳካለት የጋሼ ቡድን ነበር። ማስታወሻው በአማርኛ፣ በእጅ ጽሑፍ፣ ሁለት ገጽ ሙሉ ነው። "እኔ ነገ ጡረታ እወጣለሁ" አሉ ሲያስረክቡ፤ "ለማላውቀው ሰው ነው የጻፍኩት።"

ያቺ 9 የቆጠረችው ወጣት አሁን በክልሏ የደን መረጃ ትሠራለች። ባለፈው ወር በቴሌግራም አንድ ፋይል ላከችልኝ። አዊ ዞን፣ ፋግታ ለኮማ፤ ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን ቶሎ የሚያድግ የግራር ዓይነት ዛፍ የሚተክልበት አገር። እዚያ ገበሬው ችግኙን ከጤፍ ጋር ይተክላል፤ ጤፉን ያጭዳል፤ ዛፉ በአራትና በአምስት ዓመት ሲደርስ ለከሰል ይቆርጠዋል፤ መሬቱን አርሶ እንደገና ይጀምራል። በሳተላይት ሲታይ አንድ ዓመት ደን፣ አንድ ዓመት እርሻ ነው። የፋኦ መመሪያ ለዚህ መልስ አለው፤ ሰብሉ በዛፉ የመጀመሪያ ዓመታት ብቻ ከተዘራ መሬቱ ደን ይባላል፤ የተቆረጠውም መልሶ የሚበቅል ከሆነ ደን እንደሆነ ይቆያል። ችግሩ በቅርብ ዓመታት ዲከረንሱን በሽታ መታው፤ ብዙ ገበሬም ወደ እህል መመለስ ጀምሯል።

"ምስሉ ላይ ባዶ መሬት ነው" ብላ ጻፈችልኝ። "ተቆርጦ ሊተከል ነው ወይስ ቀርቷል? ገበሬው ልቡ ውስጥ ያለውን ከሳተላይት እንዴት ልወቅ?"

ጥሩ መልስ አልነበረኝም። የቀበሌውን የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ደውለሽ ጠይቂ፣ ከቻልሽም ሂጂ አልኳት። ከአሥር ቀን በኋላ ፋይሉ ተመልሶ መጣ። የአስተያየት ዓምዱን ከፈትኩት፤ "ምስሉ ጥር 2017 ዓ.ም.፣ በእኛ አቆጣጠር። ቦታው ላይ ሄጃለሁ። ግንዱ ተነቅሏል፣ መሬቱ ታርሷል። የሦስት ማሳ ባለቤቶች አነጋገርኩ። ሁለቱ ከእንግዲህ ጤፍ ነው አሉ። ሦስተኛው ችግኝ ከተገኘ እተክላለሁ ብሏል፤ ሐምሌ ላይ እንደገና እጠይቀዋለሁ።"